የዘለልሁት ገጽ

ዛሬ የልጅ ልጄ መጽሐፍ ስታነብልኝ ሁለት ገጽ ዘለለችብኝ። ዓይኔ ቢፈዝም ጆሮዬ አላለፋትም።

በጃንሆይ ጊዜ፣ አገሬ ኮላ ድባ ሳለሁ፣ ይህንኑ ልብ ወለድ ፊደል ለማያውቀው አባቴ አነብለት ነበር። ጓደኞቼ ኳስ ሜዳ ሲጠብቁኝ ግን እየዘለልሁ እጨርሰዋለሁ። (የተማርሁት እኔ ነኛ!)

አንድ እሑድ፣ "ምነው፣ ባልና ሚስቱ ተጣልተው አልነበር? መቼ ታረቁ?" አለኝ።

"ታርቀዋል አባየ፤ አንተ አልሰማህም እንጂ።"

እሱም፣ "ሸጋ አነበብህ ልጄ" አለኝ።

ዛሬም የልጅቱ ስልክ ደጋግሞ ሲጮህ ሰማሁና፣ "ሸጋ አነበብሽ ልጄ" አልኋት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አባቴ ያኔ ሁሉንም እንደሰማ ገባኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጅ አፈርሁ።

እናንተንስ እያወቀ ዝም ያላችሁ ማን ነው?