የሚሊ አውራ ጣትና የካሳው ስፌት

ሚሊ ማወቅ የፈለገችው የቀረበላት ገንዘብ ብዙ ይሁን ጥቂት አልነበረም። እሱንማ ጠያቂው ሁሉ በየፊናው ሲፈርድላት ሰንብቷል። እሷን ዕረፍት የነሳት ሌላ ጥያቄ ነው፦ ያ ቁጥር እንዴት ተገኘ? አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ የሌላ ሰው ቀኝ አውራ ጣት ከእንግዲህ እንደማይታጠፍ ተነግሮት፣ ከምን ተነስቶ፣ ምኑን ከምን ደምሮ ነው «ይህን ያህል ነው» የሚለው?

ሚሊ ልብስ ሰፊ ናት። የወጣላት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን የኮሌታ ጫፍ በአንድ ሚሊሜትር ተዛነፈ ብላ ያለቀለትን ኮት ስለምትተረትር ሰፈሩ ሚሊ ብሎ ሰየማት፣ በዚያው ቀረ። ሱቋ ጠባብ ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በየቀለሙ የተደረደረ ክር፣ ጥግ ላይ ካውያ። አደጋው የደረሰባትም እዚያው ደጃፏ ላይ ነው። አንድ የዕቃ ማመላለሻ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ የሱቁን የብረት በር ገጨው፤ በሩን ልትከፍት የዘረጋችው እጇ በበሩና በመቃኑ መሃል ቀረ። አጥንቱ ተጠገነ፣ ቁስሉም ዳነ። ጣቶቿ ግን እንደ ድሮው አልሆኑም። አውራ ጣቷ አልታጠፍም አለ፤ የጠቋሚ ጣቷ ጫፍ ደግሞ የያዘው መርፌ ይሁን ጨርቅ መለየት ተሳነው።

መኪናው መድን ስለነበረው ጉዳዩ ወደ መድን ድርጅቱ ሄደ። ገምጋሚው፣ አንደበተ ለስላሳ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ሱቋ መጥቶ ተመልክቶ ተመለሰ። ሰንበትበት ብሎ ቢሮው አስጠራት።

«እንኳን ደስ ያለዎት እትዬ፣ ጸድቋል» አላት ወረቀቱን ወደ እሷ እየገፋ። «እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ።»

ሚሊ ቁጥሩን አየች። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ጨርቅ ስትገዛም እንዲሁ ናት፣ ጀርባውን ሳታይ ዋጋ አትጠይቅም።

«ይሄ ቁጥር ከምን ከምን ተሠራ?»

«ከሕክምና ወጪዎ፣ ሥራ ከፈቱበት ጊዜ... ያው በጠቅላላው ሲስተሙ ነው የሚያወጣው።»

«ሲስተሙ ጣቴን አይቶት ያውቃል?»

ሰውዬው ሳቀ። «እኔ አይቼው የለም እንዴ! እንደውም ሥራዎን አይቼ ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት።»

ከወረቀቱ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ ዛሬም ሆነ ወደፊት ሌላ ጥያቄ አላነሳም የሚል ቃል ሰፍሯል። ሚሊ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ወደፊት ማለት እስከ መቼ ነው?»

«ወደፊትማ... ወደፊት ነዋ እትዬ፣ እስከ መጨረሻው።»

ብዕሩን መለሰችለት።

ሱቋ ስትመለስ ታናሽ እህቷ ቁልፍ እየተከለች፣ የእህቷ ባል ደግሞ ታክሲውን ደጅ አቁሞ ወንበሯ ላይ ተንሰራፍቶ ጠበቋት። አለመፈረሟን ሲሰማ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እታለም፣ ሰው ገንዘብ ሲሰጡት ከየት አመጣችሁት ይላል? ፖሊስ ነሽ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ። ተርትሬ ያላየሁትን ስፌት አላምንም።»

«እኔ ብሆን በጥርሴም ይዤ እፈርም ነበር!»

«ያንተማ ምን ችግር አለው» አለች ሚስቱ ቀና ሳትል። «ለቴሌቪዥን ሪሞት የቀረው ጣት ይበቃሃል።»

ተሳሳቁ እንጂ ሦስቱም የሚያውቁት ነገር ነበር። ሁለቱ እህትማማቾች የሚተዳደሩት በሚሊ እጅ ነው። እህቲቱ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች፤ ኮቱን ኮት የሚያደርጉት የሚሊ ጣቶች ናቸው። ያ ፊርማ አንዴ ከሰፈረ፣ እጇ ነገ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ከደንበኞቿ መሃል አንዲት ጠበቃ ነበረች፣ ካባዋን እንኳ ሚሊ ናት የሰፋችላት። ሚሊ ነገሩን ስትነግራት ጠበቃዋ ጠመኔ አንስታ የመቁረጫውን ጠረጴዛ በመስመር ከፋፈለችው። እዚህ ላይ ነው የሚሊ ዓይን የበራው። አንድ ሙሉ ቁጥር መስሎ የቀረበላት ነገር እንደ ኮት የተገጣጠመ ኖሯል!

ላዩ ላይ የሚታየው ጨርቅ የወጣው ወጪ ነው፦ ሐኪም ቤት፣ መድኃኒት፣ መመላለሻ። ደረሰኝ ስላለው ብዙም አያከራክርም። ገበሩ ደግሞ እጇ ታስሮ የቆየበት ጊዜ ገቢ ነው። ኮቱን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ግን ደረት ውስጥ ሳይታይ የሚገባው ማጠንከሪያ ነው፤ እሱም ጉዳቱ በመጪዎቹ ዓመታት የሚያስቀርባት ገቢ። ሐኪሞች እጁ ምን ያህል እንደተጎዳ በመቶኛ ይገምታሉ፤ ያ ግምት ከሥራዋ ዓይነት፣ ከዕድሜዋና ከነበራት ገቢ ጋር ይታያል። አንድ ዓይነት ጣት ለመምህርና ለልብስ ሰፊ አንድ ዓይነት ዋጋ የማይኖረው ለዚህ ነው። ከዚህ ሌላ ሕመሙ ራሱ አለ፤ ደረሰኝ ስለሌለው ብዙ ጊዜ በትንሹ ይቆጠራል።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ከታወቀ ድርድሩ ምንድን ነው?» ሚሊ ጠየቀች።

«ድርድሩማ የፍርሃት ገበያ ነው፣ እትዬ ሚሊ። እነሱ ፍርድ ቤት የበለጠ ይፈርድብናል ብለው ይሰጋሉ። እርስዎ ደግሞ ጉዳዩ ይጓተታል፣ ወይ ያነሰ ይፈረድልኛል ብለው ይሰጋሉ። ስምምነት የሚባለው በሁለቱ ስጋት መሃል የሚገኝ ቁጥር ነው።»

«ወይ ጉድ!» አለች ሚሊ፣ እንደ ሕፃን ተደስታ። ጠመኔውን ተቀብላ መስመሮቹን ራሷ ደግማ አሰመረቻቸው።

ጠበቃዋ የስሌቱን ዝርዝር ከድርጅቱ ጠይቃ አመጣች። የላዩ ጨርቅ አለ፤ ገበሩም አለ። የማጠንከሪያው ቦታ ባዶ ነው። ለምን ቢባል፣ ገምጋሚው ምክንያቱን አስፍሯል፤ ጠበቃዋ ለሁለቱ እህትማማቾች አነበበችላቸው፦ «ባለሙያዋ ከጉዳቱ በኋላ የሰፋችውን ኮት በሱቋ ተገኝቼ ተመልክቻለሁ። ምንም እንከን የለበትም።»

«እንከን የለበትም አለ?» ሚሊ ፊቷ በፈገግታ ተሞላ።

ጠበቃዋ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ አየቻት።

«ንገሪያት!» አለቻት እህቷ ድንገት ጦፋ፤ ከዚያም ወደ ጠበቃዋ ዞረች። «ያን ኮት እጅጌውን እየገጠመች እየተረተረች ስንት ጊዜ እንደፈጀችበት! ሰውዬው መጣ ሲሏት ደግሞ የተተረተረውን ክር ጠርጌ እንድደብቅ አደረገችኝ። እኔንም ጓዳ አስገባችኝ፣ ፊትሽ ያሳብቅብኛል ብላ!»

«ታዲያ ተበላሽቶ ቆይቶ ነው የተስተካከለው ብዬ ለባዕድ ሰው ላሳይ?» አለች ሚሊ። «ማነው ደግሞ የተረተረውን የሚያሳይ ሰፊ?»

«ድሮ ቢሆን» አለች ጠበቃዋ ቀስ ብላ፣ «በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት ኮት ይሰፉ ነበር?»

ሚሊ አሰበች። «ሦስት።»

«እንግዲህ ካሳ የምንጠይቀው ለጠፉት ሁለት ኮቶች ነው። እርስዎ ለሰውዬው ያሳዩት የተሰፋውን አንዱን ብቻ ነው።»

ሚሊ አሁን ገባት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትኮራበት የኖረችው ጠባይ እጇን ከስሌቱ አስወጥቶታል።

ጠበቃዋ ተከራክራ ዳግም ግምገማ አስፈቀደች። ገምጋሚው ከሐኪም ጋር ይመጣል፤ ሚሊ ፊታቸው ትሰፋለች። የወደፊቱ ገቢ ይቆጠር አይቆጠር የሚወሰነው በዚያ ነው።

«ላስመስልላቸው እንዴ?» ጠየቀች።

«በፍጹም! ማስመሰል ካሳውንም ስምዎንም ይዞ ይሄዳል። እንደሚችሉት ይስፉ፤ ሲበላሽ አይደብቁ። ሌላ ምንም የለውም።»

ሌላ ምንም የለውም የተባለው ነገር ሚሊን ከመኪናው አደጋ ባላነሰ አታገላት። እጇ አርሚ አርሚ ይላታል። ስፌቱ ገና ዘመም ሲል ክሩን በጥሳ ትገኛለች። ስለዚህ ትለማመዳለች፤ በዕድሜዋ ሁሉ ያልሠራችውን ሥራ፣ የተበላሸን ስፌት እንደተበላሸ መተውን። መጀመሪያ የሰፋችውን እህቷ ዘወር ስትል ተረተረችው። ሌላውን ካውያ ልታስነካው ስትል ተያዘች። ባለታክሲው መስቀያው ላይ የተሰቀለ አንድ ጠማማ ኮሌታ አይቶ «ይሄን ደግሞ የትኛው ጀማሪ ነው የሰፋው?» ሲል፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ «እኔ ነኝ» አለችው፤ እሱም ወንበሩን ለቀቀላት።

አሁንም ለልምምዱ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የኮት እጅጌ እየገጠመች ነው። እህቷ ከጎኗ አለች። ጨርቁ ከማይታጠፈው ጣት ስር ሾልኮ፣ ስፌቱ ትከሻው ላይ ተጨማደደ። የሚሊ እጅ ሳታዘው ወደ መተርተሪያው ሄደ። እህቷ ቀድማ መተርተሪያውን በመዳፏ ከደነችው። ሚሊ የተጨማደደውን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከንፈሯን መጠጠች፤ እንዳለ ወደ ጎን አስቀመጠችውና ሁለተኛውን እጅጌ አነሳች።