አራተኛው እግር

የልጅ ልጄን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እንጅባራ ቴክኒክ ስትማር፣ የሩቅ አገር ሰዎች ፔዳል እየረገጡ በሄሊኮፕተር ከመሬት ሲነሱ በሞባይሏ አየችና ሌላ ወሬ ጠፋት። ከጓሮዬ ቀርከሃ ቆርጣ፣ ከአሮጌ ብስክሌት ፔዳልና ሰንሰለት ፈትታ፣ ላስቲክ የለበሱ ረጃጅም ክንፎች ያሉት ባለ አራት እግር ነገር ሠራች።

«ያለ ሞተር እንዴት ይነሳል?» አልኳት።

«እምዬ፣ የሰው ጉልበት ትንሽ ነው። ስለዚህ ክንፉ ሰፊ፣ ዕቃው ቀላል መሆን አለበት፤ ዝግ ብሎ ይዞራል። ጥቂት ከመሬት ቢለቅ ይበቃኛል።»

አስተማሪዎቿ፣ አራቱም እግሮች ከመሬት መልቀቃቸውን አራት ምስክር ከፈረመላት ባሕር ዳር ለኤግዚቢሽን ሊልኳት ቃል ገቡ። ጎረቤቶቼ አንዷ ምስክር እኔን አደረጉኝ። የወሰን ክርክር ሲነሳም የምጠራው እኔ ነኝ፤ ለወንድሜ እንኳ አድልቼ አላውቅም።

ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ፈረስ በሚጋለብበት ሜዳ ተሰበሰብን። ከየእግሩ ሥር አንድ አንድ ሰንበሌጥ አጋደምን፤ አራታችንም ምስክሮች በየእግሩ ቆመን ጫፉን ያዝን፤ እግሩ ከለቀቀ ሲስቡት ይወጣል፣ ካልለቀቀ ይበጠሳል። እሷ ረገጠች። ክንፉ ሣሩን አስተኛው። የሦስቱ ምስክሮች ሰንበሌጥ ወጣ፤ የእኔ ተበጠሰ። እልልታው ግን ቀድሞኝ ነበር።

«ፈርሚ እንጂ! ዓይንሽ ጠፋ እንዴ?» አለችኝ ጎረቤቴ።

«ዓይኔ ደህና ነው። ያልተነሳው እግሩ ነው።»

«ለአንዲት ሰንበሌጥ! የጠላት ልጅ ናት?»

«ነገ የአንቺን ድንበር በአንዲት ሰንበሌጥ ልግፋው?»

ልጅቷ ወረደች። ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል። «እርስዎም፣ እምዬ?» አለች እንጂ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የባሕር ዳሩ ጉዞ ቀረ። በሳምንቱ ዕቃዋን ከቤቴ በመኪና ጭና ዳንግላ ቤት ተከራየች። ለበዓል ትደውላለች፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነዎት ተባብለን እንዘጋለን። ወጥ ስሠራ አሁንም የሁለት ሰው ይሆንብኛል፤ በማግስቱም ያንኑ አሙቄ እበላለሁ።

ባለመፈረሜ አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን አልፈርምም። ነገር ግን ምስክር ያየውን ሁሉ መናገር አለበት፤ እኔ የተናገርኩት ጎደሎውን ብቻ ነው። ሦስቱ እግሮች በዚያች ቀጭን ልጅ ጉልበት ሲነሱ አይቻለሁ፤ አየሁ አላልኳትም።

ትናንት ይህን ልነግራት ራሴ ደወልኩ።

«ምነው እምዬ፣ አመመዎት?» አለች ደንግጣ።

«የለም፣ ሰላም ልልሽ ነው» አልኩና ዘጋሁ።