በደብረ ማርቆስ የተለቀለቀው ኩርባ

ዓርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ጉንደ ወይን

ወደ ደብረ ማርቆስ የሄድኩት ለሠርግም ለለቅሶም አይደለም። የከተማው ባለመኪኖች አውሮፕላን ማረፍ ባቆመበት አሮጌ ሜዳ ላይ ቅዳሜና እሑድ የእሽቅድምድም ውድድር አዘጋጅተዋል፤ በሥራ መኪናው መሞከር የፈለገ ሁሉ ይምጣ ተብሏል። እኔም መናኸሪያ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ከአንድ እስከ ሦስት ወጥቼ እመለሳለሁ" አልኩ።

ሽፈራው የሚባል እንደኔው የቢቸና መስመር ሹፌር አለ። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ማታ ማታ ፊደል ስቆጥር "ተማሪው" እያለ ሲያላግጥብኝ የኖረ ሰው ነው። "ካልወጣህስ?" አለኝ።

"አንድ ወር ሙሉ ካንተ ኋላ እጭናለሁ።"

"ከወጣህ እኔ ካንተ ኋላ" ብሎ እጁን ሰጠኝ። ተራ ለሹፌር እንጀራው ነው። ኋላ የቆመ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፣ መኪናው ሳትሞላ ይሄዳል።

መኪናዬ አሮጌ ዲኤክስ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ሳዘጋጃት ከረምኩ። ከጣሪያዋ ላይ የዕቃ መጫኛውን ፖርቶ መጋላ አወረድኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ የፍሬን ሸራ አስገባሁ፣ እንድትቀል ብዬ የኋላ ወንበሯን ነቅዬ ሳሎን አስቀመጥኩት። ባለቤቴ አየችውና "ከሠርጋችን ጀምሮ ሶፋ እገዛልሻለሁ የምትለኝ ይኼን ነው?" አለች።

እስከ ደጀን ያለው ጠጠር ነው። ስለ መንገዱ ብዙ አልልም፤ የሠራው ሰው አንድ ቀን ብቻ ቢነዳበት ፍርዱ ይበቃኛል። የጮቄ ተራራ ግን በቀኜ በኩል ጥርት ብሎ ታይቷል፤ ጤፉ ታጭዶ ክምሩ በየማሳው ቆሟል። ደጀን ላይ በስድስት ብር ሽሮ በላሁ፤ ጨው የበዛበት ነው። ከዚያ ወዲያ አስፋልት ነው። አምበር ላይ ገበያተኛው ከነአህያው መንገዱን ይዞት ሃያ ደቂቃ ቆምኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደብረ ማርቆስ ገባሁ።

ቅዳሜ

አሥራ ስድስት መኪና ተመዘገበ። ፎርሙን ራሴ ሞላሁ፤ ማንንም ሙላልኝ አላልኩም። ደንቡ ቀላል ነው። አንድ መኪና ብቻውን ሦስት ዙር ይነዳል፣ ከሦስቱ ፈጣኑ ይያዝለታል። ዳርና ዳሩ ላይ ገለባ የተሞላ ጆንያ ተደርድሯል።

እስከ ቀትር ስንለማመድ የታችኛው ኩርባ ዱቄት ሆነ። አንዱ ሹፌር ትቢያው ሸፍኖት ከነመኪናው ጆንያው ውስጥ ገባ። ሰውየው ደኅና ነው፤ የመኪናው መብራት ግን ረገፈ። አስተባባሪያችን መምህር ታደሰ፣ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነው፣ "ሰው ሳይጎዳ የነገው ይቅር" አለ። እኔ የታየኝ ሽፈራው ነው። ቀረ ብል ማን ያምነኛል? ፈርቶ ተመለሰ ነው የሚባለው።

ከሜዳው አጠገብ የሚያርሱ አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ያዩን ነበር። "ምን ሆናችሁ ቆማችሁ?" አሉ።

"ትቢያው አላስነዳ አለን፣ አባቴ" አላቸው መምህር ታደሰ።

"አውድማ እኮ አድርጋችሁታል። አውድማ ሳይለቀለቅ ይወቃበታል እንዴ?"

የከተማ ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አባቴ "አውድማውን በእበት ማን ይለቀልቃል" እያለ ነው ትምህርት ቤት የከለከለኝ። የእበት ሽታ ሲመጣብኝ እስከ ዛሬ ፊቴን አዞራለሁ።

"እበቱ ከኔና ከጎረቤቴ በረት ይመጣል፣ እጁ ግን ከናንተ ነው" አሉ አያ ደሴ።

ስድስት ሰው እሺ አለ፣ ስድስተኛው እኔ ነኝ። ውኃ ረጨን፣ በሬዎቻቸውን ነድተው አስረገጡት፣ ከዚያ እበቱን በውኃ አቅጥነን በቅርንጫፍ ጠረግንበት። ነጭ ጫማ ያደረገ ጎረምሳ ሊገባ ሲል በበትራቸው ከለከሉት።

"አውልቅ። አውድማ በጫማ አይገባም።"

"ነገ መኪናው በጎማ ይገባ የለ፣ አያ?"

"እሱን ነገ እናያለን፣ ጎማው ባለጌ ከሆነ።"

እኔ ሰው አላደንቅም፤ እኚህን ሰው ግን አደነቅሁ። የአስፋልት መሐንዲስ በመሣሪያ የሚለካውን እሳቸው ጎንበስ ብለው በዓይናቸው ለኩት። እህሉ ወደ መሃል እንዲሰበሰብ አውድማ እንደሚደረገው፣ ኩርባውን ወደ ውስጥ ትንሽ አዘነበሉት። ሲጨርሱ ዙሪያውን እሾህ አጠሩና "ነገ ቀትር ሳይሆን ማንም እንዳይነካው" ብለው ሄዱ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ኩርባው ደርቆ እንደ ሸክላ ጠንክሯል። ሁሉም በሙሉ ፍጥነት ይገባል፤ የመኪናው ቂጥ ወደ ጆንያው ይንሸራተታል፤ እስኪያቀና ሰዓቱ ይበላል።

በመጀመሪያ ዙሬ እኔም እንደነሱ ገባሁ። ተንሸራተትኩ፤ ልቅልቁም የእንቅብ ክዳን ያህል ተላጠ። አያ ደሴ ዳር ላይ በባዶ እግራቸው ቆመው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ሲጭኑ አየሁ።

በሁለተኛው ዙር ኩርባው ሲመጣ እግሬ ከነዳጁ ላይ ብቻውን ተነሣ። አልቆልኛል አልኩ። መኪናዋ ግን ዝም ብላ ዞረች፤ አፍንጫዋ ሲቀና ነዳጅ ሰጠኋት፣ ሄደች። መምህር ታደሰ ሰዓቱን ደግሞ ደግሞ ሲያየው መፍጠኔ ገባኝ። ሦስተኛውን ዙር አውቄ ደገምኩት።

ውጤቱ በጠመኔ ተጻፈ። ሦስተኛ። ስሜን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አያ ደሴ ጋ ሄጄ "አውድማዎን ላጥኩብዎ፣ ይቅርታ" አልኳቸው።

"አንተ አንዴ ነው። እነዚያ ሦስት ሦስቴ ነው የላጡት። የገበሬ ልጅ ነህ?"

"ነበርኩ።"

"መሆን ይቀራል እንዴ?" አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ጉንደ ወይን

ሰኞ ገባሁ፣ ወንበሬን መልሼ ገጠምኩ፤ ባለቤቴ ሶፋዋን ተሰናበተች። ማክሰኞ ጠዋት ውጤቴ የተጻፈበትን ወረቀት ለሽፈራው ሰጠሁት። አንብቦ መለሰልኝ። መኪናውን አስነሥቶ ወደ ኋላ አስጠጋ፤ እኔ ቦታው ላይ ቆምኩ።

የተማርኩት አጭር ነው። ነዳጅ መስጠት ከማንም ይማሩታል። እግር ማንሣትን ግን ልጅ ሆኜ፣ በአባቴ አውድማ ላይ፣ ልቅልቁ እንዳይላጥ በባዶ እግሬ ቀስ ብዬ ስረግጥ ተምሬው ኖሯል፤ ያንን አውድማ ሠላሳ ዓመት ስጠላው ኖሬያለሁ።

ሞልቼ ወጣሁ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እግሬ ከነዳጁ ላይ ተነሣ። ሁልጊዜ ከኔ ጋር ወደ ቢቸና የምትሄድ፣ ጥድፊያዬን የለመደች ነጋዴ ከኋላ "ዛሬስ አመመህ እንዴ?" አለችኝ።