ኮምፒውተሬ የረሳውና ያልረሳው

ዓመቱን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ጡረታ ከወጣሁ ብዙም ሳይቆይ ይመስለኛል። ስለ አቃቂ ወንዝ የጻፍሁት ጥናት በአሮጌው ኮምፒውተሬ ውስጥ ብቻ ነበር። ሳሪስ ሄጄ ሰነድ ገልብጬ ያመጣሁበት ፍላሽ ቫይረስ አስገብቶ ፎልደሮቼን ከሰወረብኝ ወዲህ፣ ለቅጂ እንኳ ቢሆን ፍላሽ አላስጠጋም ነበር።

ባንክ ቤት በኮምፒውተር ክፍል የሠራችው ታናሽ እህቴ ከገላን ኮንዶሚኒየም መጥታ ቫይረሱን አጸዳችና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሲስተም ጊዜው አልፏል። ካልቀየርነው የሚቀጥለው ቫይረስ ጥናቱን ይበላዋል» አለችኝ። አዲሱ ሲስተም ግን አልጫንም አለ፤ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር አንድ መከላከያ ይጎድለዋል የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ደግሞ ምን መከላከያ?» አለች ባለቤቴ። «ስታቢላይዘር አለው፤ ዳንቴል አልብሼዋለሁ፤ መስኮቱ ፍርግርግ ነው!»

«የውስጡን ነው፣ እትዬ። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ ገብቶ ያዛል? ሰነድ በሚቀመጥበት ቦታ የተደበቀ ቫይረስ ትእዛዝ እንዳይሰጥ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ይከለክላል።»

ዕድሜዬን በጽሑፍ መካከል ኖሬ፣ ጽሑፍ ይቀመጥ እንጂ አይዘዝ የሚል ድንበር ጥፍር በምታህል ነገር ላይ ተሰምሮ ይገኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መከላከያው ለካ ነበረው፤ ተዘግቶ ነው። ልትከፍተው ስትል የይለፍ ቃል ተጠየቀች።

«ማን ቆለፈው?»

«እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

«ምን ብለው?»

«እሱ ነው የጠፋኝ።»

«ጉድ ነው! ከሌባ ሲጠብቁት ከራስዎ ቆለፉት!»

ከኤሌክትሪክ ነቅላ ዳንቴሉን ገለጠች፤ ሽፋኑን ፈታች፤ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አወጣች። «ይቺ ስትወጣ ይለፍ ቃሉን ይረሳል።»

«ጥናቱንስ?»

«እሱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አይረሳም።»

አላመንኋትም። ባትሪውን መልሳ ስታበራው ቀኑ ወደ ተሠራበት ዘመን ተመልሶ ነበር፤ ይለፍ ቃል የሚባል ነገር ሰምቶ እንደማያውቅ ዝም ብሎ ከፈተላት። መከላከያውን አብርታ አዲሱን ሲስተም መጫን ጀመረች። መሐል ላይ መብራት እንዳይሄድ ፈርተን፣ ሦስታችንም ስለ መብራት አንዲት ቃል አልተናገርንም።

ሲያበቃ ጥናቴን ከፈትሁ። ሁሉም አለ። ያቋረጥሁት ዓረፍተ ነገር እንኳ «ወንዙ ከክረምት በኋላ» በሚለው ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ያኔ ምን ልል እንደነበር ግን ፈጽሞ ትዝ አላለኝም።

መብራቱ ሳይሄድ ዓረፍተ ነገሩን እንደ አዲስ አስቤ ጨረስሁት።