ጥለቱ ወደ ላይ

ልጄ ኮሌጅ ፊዚክስ ትማራለች። አንድ እሑድ፣ እዚህ ባሕር ማዶ ሬይኖልድስበርግ ካለው አፓርትመንታችን ለቅዳሴ ልወጣ ስል በር ላይ ያዘችኝ።

«ማሚ፣ ፕሊስ! ግሩፕ ቲዮሪን ላስረዳሽና መልሰሽ ስትነግሪኝ በቪዲዮ ልቅረጽሽ። ለሰው አስረዱ የሚል አሳይመንት ነው፤ ዛሬ ሰብሚት ካላደረግኩ ዜሮ ነው።»

«ግሩፕ» ስትል የማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ መስሎኝ «እሱማ እኔም አለሁበት» አልኳት።

አስረዳችኝ፤ አልገባኝም።

«በቃ ገባኝ በይ!»

«በጾም ልዋሽ?»

ይኼኔ ነጠላዬን ገፍፋ ምንጣፉ ላይ ዘረጋችው። «ዓይንሽን ጨፍኚ... ክፈቺ። ነክቼዋለሁ?»

«አዙረሽዋል። የጧፍ ጠብታው በግራ ነበር።»

«ኦ ማይ ጋድ! ጠብታውን እርሺው!»

«ስሙን በከንቱ አትጥሪ።»

ጠብታውን ተውኩላት፤ እንደገና አስረዳችኝ። ጥለት በሁለቱም ጫፍ ስላለ ነጠላው ግማሽ ዙር ቢዞርም፣ ቢገለበጥም ያው ነው፤ ይኼ ሲሜትሪ ይባላል። መልኩን ሳይለውጡ የሚያደርጉት ሁሉ ተሰብስቦ ግሩፕ ይባላል፤ ከእነሱ ሁለቱን ቢያከታትሉ ውጤቱ ከዚያው ግሩፕ አይወጣም። የተፈጥሮ ሕግ ትናንትም ዛሬም ያው ስለሆነ ነው አሉ ኢነርጂ የማይጠፋው። የፊዚክስ ሊቃውንት የቁስ ቅንጣቶችን በዚህ ሥርዓት ቢደረድሩ አንድ ቦታ ባዶ ሆነ፤ የጎደለችዋ ቅንጣት ተፈልጋ ተገኘች።

«አምላክ ሲሠራ በሥርዓት ነው» አልኩ።

«እሱን ቪዲዮው ላይ አትበይ።»

የቅዳሴው ሰዓት ግን አልፏል። ነጠላውን ለሁለት አጥፋ ጣል አደረገችልኝ፤ ወደ መኪናዬ ሮጥኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንዲት የማኅበራችን ሴት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ታለቅስ ጀመር። «እትዬ! ማን ሞተብዎ? ምነው ሳይነግሩን!» ሌሎቹም ከበቡኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ ጥለቱ አንገቴ ዙሪያ ነው፣ እንደ ሐዘንተኛ!

«ኧረ ሰው አልሞተም! ፊዚክስ ነው!»

«ፊዚክስማ» አሉ አንዲት ትልቅ ሴት እንባቸውን እየጠረጉ፣ «እኔንም አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የገደለኝ እሱ ነው።»

ቤት ስገባ ልጄ ስልኳን ይዛ ትጠብቀኛለች። «ቅረጪ» አልኳት።

«ነጠላ ምንጣፍ ላይ ሲሆን ብታዞሪው፣ ብትገለብጪው ያው ነው። ትከሻ ላይ ሲወጣ ግን ላይና ታች ይመጣል፤ ጥለቱ ወደ ታች ሲሆን ሰላም፣ ወደ ላይ ሲሆን ለቅሶ። ነጠላው ሳይለወጥ።»

«ማሚ! ይኼማ ሲሜትሪው ሲሰበር ነው፤ የሚቀጥለው ቻፕተር!»

«ገባኝ» አልኩ፣ ሳልዋሽ።

ወዲያው ስልኬ ይንጫጫ ጀመር። በማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ፣ ከሩቅ አይተውኝ «ሰው አልሞተም» ማለቴን ያልሰሙት ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እያሉ ይጽፉልኛል። ድምፁ ቪዲዮው ላይ ገብቷል፤ እንዳለ ሰብሚት አደረገችው።