የመጀመሪያውን ዝናብ የማያምን ተክል

አሶሳ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የሰጠኋቸው የቤት ሥራ ቀላል ነበር፤ በምድር ላይ የሌለ የበረሃ ተክል ፈጥራችሁ ሥዕሉን ሳሉ፣ ድርቁን እንዴት እንደሚችለው አስረዱ አልኳቸው። ያመጡልኝ ግን ሁሉም ቁልቋል ነው። እሾህ፣ ወፍራም ግንድ፣ ረጅም ሥር። ከመጽሐፉ ገልብጠው ስሙን ብቻ ቀይረውታል። ወረቀታቸውን ሳርም ሳርም ዓይኔ ፈዘዘ። እውነቱን ለመናገር የደከመኝ ቁልቋሉ ብቻ አልነበረም።

እናቴ ከፓዌ በኩል ተፈናቅላ እኔ ጋ ከመጣች ወዲህ በተከራየሁት ቤት ጓሮ አንዲት ነገር አልተከለችም። በደርግ ጊዜ በልጅነቷ ከወሎ በሰፈራ አምጥተዋት፣ ስንት ዘመን ያለማችውን ጓሮ ጥላ ነው የወጣችው። ይዛ የመጣችው በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የዱባ ዘር ነው። "ዝሪው እንጂ" ስላት "ይደርሳል" ትለኛለች። ክረምቱ ገብቶም ያው ነው። መለመን ሰልችቶኛል።

አመሻሹ ላይ የተማሪዎቹን ሥዕል አጠገቤ ተቀምጣ አየች።

"እኔ ብሆን ሥር አላበዛም" አለች። "የመጀመሪያውን ዝናብ አላምንም እንጂ። ይዘንባል፣ ታምኚዋለሽ፣ ትበቅያለሽ። ከዚያ ፀሐዩ ያገኝሻል።"

በማግስቱ ለክፍሉ የእሷን ተክል ነገርኳቸው። ዘሩ ጠንካራ ልባስ አለው፣ በአንድ ዝናብ አይከፈትም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ አልኳቸው። ሳቁ። ከኩርሙክ የመጣች አንዲት ተማሪ ግን እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ዝናብ ሁሉ ውሸት ነው ካለስ?"

"እዚያው መሬት ውስጥ ያረጅና ይሞታል" አልኳት። የተናገርኩት ለራሴ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። የቀረውን ክፍለ ጊዜ እንደ ነገሩ ጨረስኩት።

ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ዝናቡን ታያለች።

"እማ፣ ዘር ያረጃል እኮ" አልኳት።

የነጠላዋን ጫፍ ወደ ጭኗ ሳበች። ከዚያ ቋጠሮውን ፈታችና ዘሩን መዳፌ ላይ አራገፈችው።

"አንቺ ዝሪው። እኔ መሬት ማመን ደክሞኛል።"

ዝናቡ ሲያባራ አጥሩ ሥር ቆፈርኩ። እሷ ወደ ቤት ገብታ ቀረች።  ዘሩን ጥዬ አፈር ልመልስበት ስል ድምፅዋ በመስኮቱ መጣ።

"አታጥልቂው፤ መውጣት ያቅተዋል።"