የሠላሳ ዘጠኝ ነጥቦች ካርታ

የያዙኝ ናዝሬት መናኸሪያ አጠገብ፣ ፍተሻ ላይ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ካልሲ፣ ግማሽ ዳቦና አንድ ደብተር ነበር። ፈታሹ ደብተሩን ገልጦ መሐሉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ጓደኛውን ጠራው።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው ምስማር በበሳው ቆርቆሮ በኩል ነው። አሥራ ስምንት ሰዎች በጎናችን እንተኛለን፤ አንዱ መገላበጥ ሲፈልግ ሁላችንም እንገላበጣለን። ከአጠገቤ የሚተኙት ደረታቸውን የሚያማቸው፣ የአርሲ ሰው የሆኑ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ።

«ምን አድርገህ ነው ልጄ?»

«ሥዕል ስዬ።»

«የማንን?»

«የሰማይ።»

መልካሳ የሚሠሩ አንድ የእርሻ ባለሙያ የእንግሊዝኛ መጽሔት አውሰውኝ ነበር። መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ወር አነበብኩት። ውስጡ የአንድ የጋላክሲ ዘለላ ሥዕል አለ። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ጋላክሲ ናት። በነጥቦቹ ዙሪያ ደግሞ፣ ካርታ ላይ የኮረብታ ከፍታ እንደሚያሳዩት ያሉ ክብ መስመሮች አሉ፤ በጋላክሲዎቹ መካከል ያለው የጋለ ጋዝ የት ላይ እንደሚበረታ ያሳያሉ። ጋዙ በዓይን አይታይም። የሚያወጣውን ጨረር አየር ስለሚያስቀረው፣ ጨረሩን የሚያየው መነጽር ከአየር በላይ መላክ አለበት። ሥዕሉን ነጥብ በነጥብ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት።

«ራጅ በሉት» አልኳቸው። «ሆስፒታል ደረትዎን እንዳነሡት።»

ደረታቸውን ዳበሱ። «ሰማዩንም ያመዋል በለኛ።»

ጥጉ ላይ ያሉት ሳቁ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ዘንድ ቀረብኩ። ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። አልጮኸብኝም።

«ይህ ኮረብታ የት ነው?»

«ኮረብታ አይደለም ጓድ።»

«ካርታ ማንበብ ተምሬያለሁ። ኮረብታ ነው። እነዚህ ሠላሳ ስምንቱ ደግሞ ቤቶች ናቸው።»

«ሠላሳ ዘጠኝ» አልኩ።

አምልጦኝ ነው። አንዷ ነጥብ ዳር ላይ ደብዛዛ ሆና ስላለች ሰው ይዘላታል።

ፈገግ አለ። «ቆጥረሃቸዋል ማለት ነው። በል፣ ካርታውን የሰጠህን ሰው ስም ጽፈህ ወደ ቤትህ ሂድ። እስከ ነገ ጠዋት አስብበት።»

የባለሙያው ስም በራሳቸው እጅ መጽሔቱ ሽፋን ላይ ተጽፏል። መጽሔቱ ቤት፣ ፍራሼ ሥር ነው። ቤቱን ይፈትሹት አይፈትሹት አላውቅም።

ክፍል ተመልሼ ለሾፌሩ ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መለሱልኝ።

«አንድ ስም ስትሰጣቸው ሌላ ይጠይቁሃል። እኔ ሁለት ሰጥቼ ይኸው አለሁ።»

ጠዋት መርማሪው የሰጠኝን ወረቀት ሞላሁት። ነጥቦቹ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሁሉም ጋላክሲዎች መሆናቸውን ጻፍኩ። ከታች በግራ ያለው መስመር እርሳሴ ስለተንሸራተተ ትክክል እንዳልሆነም ጻፍኩ። ከየት አገኘኸው ለሚለው፣ ገበያ ላይ ከዓለም ጤና ከተማ የመጣ ሽንኩርት ስገዛ ከተጠቀለለበት ወረቀት አልኩ። በዚያ ገጽ ላይ ውሸቱ እሱ ብቻ ነው። ፈረምኩበት።

መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ሽንኩርት» አለ።

«አዎ ጓድ።»

ሌላ አምስት ወር ቆየሁ። ሾፌሩን እኔ ከመፈታቴ በፊት ጠርተው ወሰዷቸው፤ ወዴት እንደሆነ አልተነገረንም። ስፈታ እናቴ፣ መታሰሬን በሰማችበት ቀን መጽሔቱን እንዳቃጠለችው ነገረችኝ።

ከዓመት በኋላ ባለሙያውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው።

«መጽሔቴስ?» አሉኝ።

«ጠፋብኝ ጋሼ። ይቅርታ።»

«ጥንቁቅ ልጅ ነው ብዬ እኮ ነው ያዋስኩህ።»

«ልክ ነዎት» አልኳቸው።

አሁን እንዲህ ያሉ ሥዕሎች በቀለም ይታያሉ። ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ ዳር ዳሩን እቆጥራለሁ። ባለሙያው እስኪያርፉ ድረስ ሌላ መጽሔት አላዋሱኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።